እልፍኙ ለሁለት የተከፈለበት ዓመት

ባለፈው ኅዳር ደብረ ብርሃን፣ ከገበያው ጀርባ ባለው መንገድ ሳልፍ አንድ ቤተሰብ ደጃፉ ላይ ጭቃ አቡክቶ ነበር። ጭቃው ሳምንት ያህል የሰነበተ መሆኑን ገና ሳላየው ከሽታው አወቅሁ። የጤፍ ጭድ ከአፈር ጋር ሰንብቶ ሲቦካ የሚያወጣው ሽታ ከበረትም ከጠላ ጋንም የተዋጣ ነው። አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ግን ቆምኩ። ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ሸብ አድርጋ የምትረግጥ ወጣት ሴት ቀና ብላ አየችኝና፣ "እማማ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?" አለችኝ።

"የለም ልጄ፣ ሽታው ነው" አልኳት።

ሳቀች። እኔም አንኮበርን፣ የአያቶቼን ቤት፣ ትልቁ እልፍኝ ለሁለት የተከፈለበትን ዓመት እያሰብኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። እናቴ መንታ ወልዳ አቅም አጥታ ነበር፤ አባቴም የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከደሴ መንገድ አይጠፋም። ስለዚህ እኔን ለአንድ ዓመት አንኮበር ወስደው ከአባቴ ወላጆች ዘንድ አስቀመጡኝ። ሰባት ዓመቴን ጨርሼ ስምንተኛውን ይዣለሁ። ከልጅ ልጆች የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ፤ እዚያ ቤት ገብቶ የኖረ የልጅ ልጅም ከእኔ በፊት አልነበረም።

አያቴ፣ አባባ ደምሴ፣ ለብዙ ዘመን የአጥቢያው ጭቃ ሹም ነበሩ። ጭቃ ሹም የሚባለው ግብር የሚያሰባስብና ጠብ የሚያበርድ የአገር ሹም መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የጭቃ ሁሉ አዛዥ ይመስሉኝ ነበር። ክረምት ላይ የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ አላስኬድ ሲል፣ "አባባ፣ ለምን ጭቃውን ዞር በል አይሉትም?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ተሽሬአለሁ ልጄ" አሉኝ እግራቸውን ከማጡ እየነቀሉ፤ "አሁን እኔንም አይሰማኝ።"

ሴት አያቴ እማማ አስካለ አጭር ናት፣ ፈጣን ናት፣ አንደበቷ አይያዝም። አባባ አንድ ቃል እስኪያወጡ እሷ ጉዳዩን ጀምራ ጨርሳ ሌላ ይዛለች። አባባን አንተ ትላቸዋለች። እኔ ደግሞ እሷን አንቺ፣ እሳቸውን እርስዎ እላለሁ፤ ማንም እንዲህ በይ ብሎኝ አይደለም፣ አፌ እንዲሁ ሄደ።

ቤቱ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ነው። ከፊት እንግዳ የሚቀመጥበት ክፍል አለ፤ ከኋላ እልፍኝ የሚሉት ትልቅ መኝታ ቤት። እልፍኙን በእርምጃዬ ለክቼው ነበር፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አሥራ ሁለት። መካከሉ ላይ የጠፍር አልጋቸው ተዘርግቷል፤ በአንድ ጥግ የእህል ጎታ፣ በሌላው የእማማ የእንጨት ሳጥን። በጠባቧ መስኮት ሥር ከአፈር የተሠራ መደብ አለ፤ ቁርበት ተነጥፎበት እኔ የምተኛው እሱ ላይ ነበር። አንኮበር ብርዱ ክፉ ነው። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ በመስኮቷ ይገባና እንደ ድመት ወለሉ ላይ ይሄዳል። እኔ የበግ ጠጉሩን ባና እስከ አፍንጫዬ ስቤ ሁለቱ ሲያወሩ እሰማለሁ። የሚያወሩት ስለ ላም፣ ስለ አጥር፣ ስለ አባቴ መኪና ነው። እማማ ትጠይቃለች፤ አባባ "እም" ይላሉ። እንቅልፍ የሚወስደኝ በዚያ "እም" ነበር።

አንድ የኅዳር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤታችን የነፍስ አባት መምሬ ዘለቀ መጡ። እማማ ዳቦና ጠላ አቀረበች፤ ልትወጣ ስትል አባባ፣ "አስካለ፣ እስቲ ቁጭ በይ" አሉ።

"ቁጭ የሚያሰኝ ምን መጣ?"

"ቁጭ በይ።"

ተቀመጠች። አባባ የጠላውን ዋንጫ በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ፣ "እኔ እንግዲህ ዕድሜዬም ገፍቷል። ቆብ ልጭን አስቤአለሁ" አሉ።

ቆብ መጫን መመንኮስ መሆኑን እኔ በምን ልወቅ? አናታቸው የተመለጠ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ብርድ እንደሚመታቸው አያለሁ። ቆብ መፈለጋቸው ተገቢ ነው አልኩ በልቤ። የእማማ ፊት ለምን እንዲያ እንደተለዋወጠ አልገባኝም።

"ቆቡ ለአንተ፣ ብርዱ ለእኔ?" አለች።

"ለእማማም ይገዛላት" አልኩ።

መምሬ ዘለቀ ጠላው ትን አላቸው። እማማ ግን አልሳቀችም። መምሬ አፋቸውን ጠርገው፣ "ወይዘሮ አስካለ" አሉ ረጋ ብለው፣ "በቁርባን የተጋባችሁ ናችሁ። ያለ እርስዎ ፈቃድ አይሆንም። እሺ ካሉ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ከገዳም አንድ አባት ይመጡና ፍትሐቱን ያደርሱላቸዋል። ለዚህ ዓለም ሞቱ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በአንድ ክፍል ማደር አይገባም፤ እልፍኙን ለሁለት መክፈል ነው። ብዙ ሽማግሌዎች እንዲህ አድርገው በቤታቸው ይኖራሉ።"

"እና እሺ ባልልስ?"

"ካላሉ ይቀራል።"

እማማ የዳቦውን ፍርፋሪ ከጉልበቷ ላይ አራገፈች። "እሺም አላልኩ፣ እምቢም አላልኩ" አለችና ወደ አባባ ዞረች። "ግድግዳህን ከፈለግህ ሥራ። ግድግዳ ፈቃድ አይደለም።"

ከዚህ ሁሉ ንግግር በእኔ ጆሮ የቀረው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ፍትሐትና ሞቱ። ፍትሐት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። መስከረም ላይ ጎረቤታችን አቶ ይመር አርፈው ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ አይቻለሁ። ከፍትሐት በኋላ ሰው ወዴት እንደሚወሰድም አይቻለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ አባባን ማናገር ተወች። ጠብ አላነሣችም፣ ምግብ አልነሳችም፤ በቀጥታ አታናግራቸውም እንጂ። መልእክቱን ሁሉ የማደርሰው እኔ ሆንኩ። ሁለቱ በአንድ ገበታ ዙሪያ፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠው፣ "ለአያትሽ ምሳው ቀርቧል በያቸው" ትለኛለች። እሳቸውም፣ "እጅሽ ይባረክ በያት" ይሉኛል። መጀመሪያ ሳላጎድል አደርስ ነበር። ኋላ ደከመኝና ማሳጠር ጀመርኩ። ከዚያም ጥቂት ጥቂት እጨምርበት ጀመር።

አንድ ጠዋት እማማ፣ "ላሟ ወተት ቀንሳለች፤ ሣር ይፈልግላት በያቸው" አለችኝ። ሄጄ አባባን፣ "እማማ፣ ግድግዳው ቢቀር ላሟ ትታለብ ነበር ብላለች" አልኳቸው።

አባባ አጥር ያጥሩ ነበር። መጥረቢያውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ። "እንዲህ ያለችው አስካለ ናት ወይስ ላሟ?"

"ላሟ" አልኩ።

"እንዲያ ከሆነ ላሟን ይቅርታ ጠይቂልኝ" አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ጥምቀት እንዳለፈ፣ ጋሽ እንድሪስ በሁለት አህዮች የጤፍ ጭድ ጭነው ከአልዩ አምባ ወጡ። ጋሽ እንድሪስ የአባባ የቆየ ወዳጅ ናቸው፤ ንግዱን ለልጆቻቸው ትተው ቤት መሥራትን ይዘው ነበር። የኛ አገር የገብስ ጭድ ሻካራ ስለሆነ ለምርጊት አይሆንም ብለው ነው ጭዱን ከቆላ ያመጡት። ቀጭን ሰው ናቸው፣ ጢማቸው በሂና የቀላ። ሥጋችንን አይበሉም፤ እማማ ወተትና ሽሮ፣ ገበታቸውንም ለብቻ ታቀርብላቸዋለች። የስግደት ሰዓታቸው ሲደርስ ሳይጠይቋት ውኃ በማሰሮ ቀድታ ደጃፉ ላይ ታስቀምጣለች።

ከደጁ በስተቀኝ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ አፈሩ ተፈለፈለ፣ ውኃ ፈሰሰበት፣ ጭዱ ተበተነ። ረጋጮቹ ጋሽ እንድሪስና እኔ ነበርን። የመጀመሪያው ቀን ጭቃው እግር ይቆርጣል፤ ውኃው ከምንጭ የመጣ ስለሆነ እስከ አጥንት ይሰማል። በሦስተኛው ቀን ለብ ማለት ይጀምራል። በሳምንቱ በእግር ጣቶች መሐል እንደ ሊጥ እየሾለከ ይወጣል፤ ያኔ ነው ያ ሽታ የሚመጣው። እማማ በአጠገባችን ስታልፍ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ታደርጋለች።

"ሽታው ለጤና ነው ወይዘሮ አስካለ" ይላሉ ጋሽ እንድሪስ።

"ለማን ጤና?" ትላለች ሳትቆም።

ጭቃው እስኪቦካ ጋሽ እንድሪስና አባባ እንጨቱን አቆሙ። አልጋው ወደ አንድ ወገን ተገፋ። በእልፍኙ ወገብ ላይ ቋሚዎች ተተከሉ፤ በቋሚዎቹ ላይ የተሰነጠቀ ማገር በልጥ ታሰረ። ለአዲሱ ክፍልም ከእንግዳው ክፍል በኩል ለብቻው በር ተከፈተ። ለጥቂት ቀናት ግድግዳው አጥንት ብቻ ሆኖ ቆመ፤ ከወዲህ ሆኜ ከወዲያ ያለውን በማገሩ መሐል አያለሁ። እማማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ አባባ በወዲያ በኩል ልጥ ያጠብቃሉ። አንዳንዴ ሁለቱም ቀና ይሉና ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፤ ወዲያው ምስሩም ልጡም አጣዳፊ ሥራ ይሆናል።

መደቤ በአባባ በኩል ቀረ። "ከእንግዲህ አንቺ ከእማማ ጋር አልጋ ላይ ነሽ፤ እዚህ የምተኛው እኔ ነኝ" አሉኝ አባባ መደቡን መታ መታ እያደረጉ። ቁርበቱ ተነሥቶ ስለነበር መደቡ አፈር ብቻ ነው፤ ቁመቱ እንደ ሰው፣ ወርዱ እንደ ሰው። አቶ ይመር ከገቡበት ላይ የተቆለለው አፈር ልክ እንዲህ ነበር። ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ፍትሐቱ ይደርሳል፣ አባባ እዚያ ይጋደማሉ፣ ጋሽ እንድሪስ ግድግዳውን ይዘጋሉ። እማማ የተቆጣችው ለዚህ ነው። አዋቂዎቹ ሁሉ እያወቁ ዝም ማለታቸው ብቻ አልገባኝም።

የመጀመሪያው ምርጊት ባለቀ ማግስት አባባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ ጋሽ እንድሪስ ማገዶ ሊፈልጡ ወረዱ፤ እማማ በረት ነበረች። እልፍኙ ውስጥ ብቻዬን ከግድግዳው ፊት ቆምኩ። ጭቃው ገና እርጥብ ነው፤ ያብረቀርቃል። በጣቴ ነካ አደረግሁት። ገባ። ከዚያ በሁለት እጄ መቧጨር ጀመርኩ። ጭቃው በድቡልቡሉ እየወደቀ ማገሩ ብቅ አለ። ቁመቴ እስከሚደርስ ድረስ፣ ከበሩ አጠገብ እስከ መካከሉ፣ እያለቀስኩ አፈረስኩት።

እማማ የወተት ቅሏን እንደያዘች በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። ወለሉን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ እኔን አየች።

"ምን ሆነሽ ነው ጥሩዬ?"

"አባባን ሊቀብሯቸው ነው" አልኩ።

"ማን?"

"መምሬ። ጋሽ እንድሪስ። ሁላችሁም። ፍትሐት ሊደርስ ነው፤ መደቡ ላይ አስተኝተው ሊዘጉባቸው ነው።"

እማማ ቅሏን አስቀመጠች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች፤ ትስቅ እንደሆነ ታለቅስ እንደሆነ አልለየሁም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ከደጅ የሰው ድምፅ ተሰማ። ብድግ አለች፣ እጄን ይዛ ውኃ የያዘ ገበቴ ውስጥ ነከረችው፤ ከጥፍሬ ሥር ያለውን ጭቃ በፍጥነት፣ በኃይል፣ እያሳመመችኝ አጠበችው። የገዛ እጇን ደግሞ ከወለሉ ጭቃ አንሥታ ለቀለቀችው።

አባባና ጋሽ እንድሪስ አብረው ገቡ።

"እኔ ነኝ ያፈረስኩት" አለች እማማ። ከኅዳር ወዲህ ለአባባ በቀጥታ የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

አባባ ወደ ግድግዳው ቀረቡ። የጣት ምልክት ነበረበት፤ አምስት አምስት ቀጫጭን መስመር። አንዱን መስመር በሌባ ጣታቸው ተከተሉት፤ ጣታቸው አልገባበትም። የእማማን እጅ አዩ፤ እኔን አዩ። "እሺ" አሉና ወጡ።

ጋሽ እንድሪስ ግን አልወጡም። መጥረቢያቸውን ከበሩ ጀርባ አቆሙ። "ወይዘሮ አስካለ" አሉ፣ "አላህ ይቅር ይበለኝ፣ የሰው ምስጢር ነው። ምዬአለሁም። ግን ከዚህ በላይ ልሸከመው አልችልም።"

"የምን ምስጢር?"

"በተስቦው ዓመት፣ እርስዎ ሰባት ቀን ሙሉ ሰው አልለይ ሲሉ፣ እኔ ከቆላ ሎሚ ይዤ ወጥቼ ነበር። ጭቃ ሹምን ቤት አጣኋቸው። መድኃኒት ሊያፈላልጉ ሄደው ነው ብዬ ስዞር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ዝናብ እየወረደባቸው ተንበርክከው አገኘኋቸው። ከኋላቸው መኖሬን አላዩም። 'አስካለን ተውልኝ' ይላሉ። 'ልጆቿን ታሳድግ። የልጅ ልጅ ቤቷ ገብቶ አብሯት ይኑር። ይህን ካሳየኸኝ እኔ ቆቤን ጭኜ ያንተ ብቻ እሆናለሁ' ይላሉ። እኔ ከኋላ 'አሚን' አልኩ። ዘወር ብለው አዩኝ። እርስዎ እንዳይሰሙ አስማሉኝ።"

"ለምን እንዳልሰማ?"

"በእኔ ምክንያት ነው እያለች ሸክም ይሆንባታል አሉ።"

እማማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጭቃ የነካው እጇ ጉልበቷ ላይ ተከፍቶ ቀረ። እኔ ገበቴውን እንደያዝኩ ቆሜአለሁ። የልጅ ልጅ የተባለችው እኔ መሆኔን ያን ጊዜ ተረዳሁ፤ አንኮበር ባልመጣ ኖሮ አባባ ቆብም ፍትሐትም አይመጣባቸውም ነበር ማለት ነው። ወደ ደብረ ብርሃን ብመለስ ነገሩ ይቀር ይሆን ብዬ አሰብኩ። ውኃው ከገበቴው እየፈሰሰ እግሬን ሲያረጥበኝ እንኳ አላወቅሁም።

እማማ በመጨረሻ ተነሣች። ወደ ደጅ ወጣች። ተከትያት ደጃፉ ላይ ስደርስ፣ ነጠላዋን አጥሩ ላይ ጥላ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ወደ ጭቃው ጉድጓድ ስትገባ አየኋት። መርገጥ ጀመረች። ጋሽ እንድሪስ ሊያግዟት ሄዱ፤ በእጇ ይቁሙ አለቻቸው። ብቻዋን ረገጠች። ያ አፍንጫዋን የምትይዝለት ጭቃ እስከ ጉልበቷ ደረሰ።

አባባን ያገኘኋቸው ከቤቱ ጀርባ፣ ገደሉን ወደሚያየው ድንጋይ ሄደው ተቀምጠው ነው። ከሥራቸው ጉሙ ተኝቷል፤ ከጉሙ ወዲያ ቆላው ቀይ ሆኖ ይታያል። አጠገባቸው ቆምኩ።

"እኔ ነኝ ያፈረስኩት" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ለምን?"

"እንዳይቀብሩዎት።"

ምን እንደማስብ አንድ በአንድ አስነገሩኝ፤ ፍትሐቱን፣ አቶ ይመርን፣ መደቡን። አልሳቁብኝም። ስጨርስ እጄን ያዙና፣ "መደቡ መቃብር ነው ካልሽ" አሉኝ፣ "አንቺ ዓመቱን ሙሉ ተኝተሽበታል። በየጠዋቱስ አልተነሣሽም?"

"ተነሥቻለሁ።"

"እኔም እነሣለሁ። ፍትሐቱ ይደርሳል፣ ከዚያ እነሣለሁ፣ ምሳዬን እበላለሁ፣ ላሟ ሣር ትፈልጋለች። ስሜ ብቻ ይለወጣል።"

"እኔ ባልመጣስ?"

ይህን ከየት እንዳመጣሁት ገባቸው መሰለኝ፤ ወደ ቤቱ ዞር ብለው አዩ። ከጉድጓዱ በኩል ቸብ ቸብ የሚል የእግር ድምፅ ይመጣል። "እንድሪስ ተናገረ ማለት ነው" አሉ። ከዚያ፣ "አንቺ ባትመጪ" አሉኝ፣ "እየጠበቅሁሽ እቆይ ነበር። ያመጣሽው ደስታ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።"

አብረን ተመለስን። እማማ ከጉድጓዱ አልወጣችም። አባባ ጠርዙ ላይ ቆሙ።

"ሃያ ዓመት ሙሉ ዝም አልከኝ?" አለች ቀና ሳትል።

"ምን ልበልሽ?"

"ልሞት ነበር በለኝ። ለመንኩልሽ በለኝ። እኔ እኮ ሰለቸችኝ ብለህ መስሎኝ ነው።"

"አንቺን?" አሉ አባባ። ጫማቸውን አውልቀው ሱሪያቸውን ሰብስበው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ፣ አንዳቸው ሲያነሡ አንዳቸው እየረገጡ፣ ጋሽ እንድሪስ ከስግደታቸው እስኪመለሱ ድረስ ቆዩ። እኔ አጥሩ ላይ ወጥቼ አያቸዋለሁ። ጭቃ ሹም ጭቃ ውስጥ ቆመው ጭቃው ሲታዘዝላቸው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ የፈረሰው ተመረገ። ጋሽ እንድሪስ መሰላል ላይ ሆነው ወደ ጣሪያው ሲቃረቡ እማማ ከታች፣ "እዚያ ላይ ያቁሙ" አለች።

"ገና ክንድ ያህል ይቀረዋል እኮ።"

"ክንድ ያህሉ ይቅር። ጣሪያ እንዳይነካ።"

"ብርድ ይገባል ወይዘሮ አስካለ።"

"ብርዱ ድሮም አለ። ሲያስል ልስማው" አለች።

ጋሽ እንድሪስ አባባን አዩ። አባባ፣ "እንዳለችው" አሉ። ግድግዳው እንዲያ ሆኖ ቀረ፤ ከላይ አንድ ክንድ ክፍት። ኋላ በእበት ተለስኖ ደረቀ፣ እማማም በአመድ ውኃ አነጣችው። መምሬ ዘለቀ መጥተው ከላይ ያለውን ክፍት ቦታ ረጅም ጊዜ አዩና፣ "ይኼ ምንድን ነው?" አሉ። እማማ፣ "ፈቃዴ ነው፤ እሺ ብያለሁ፣ ግን ይኼን ያህል" አለቻቸው። መምሬም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀኑ የደረሰው የዐቢይ ጾም ቅበላ ሳምንት ነው። ከገዳም የመጡት አባት ረጅም፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሽማግሌ ነበሩ። በቤተ ክርስቲያኑ አባባን መሬት ላይ አስተኝተው በነጭ ሸማ ከራስ እስከ እግር ሸፈኗቸው፤ ካህናቱ ዙሪያቸውን ቆመው ፍትሐቱን ጀመሩ። እንደሚነሡ ነግረውኛል፤ አምኜአለሁም። ዜማው ግን ያው የአቶ ይመር ዜማ ነው። ሸማው በትንፋሻቸው ከፍ ዝቅ ይል እንደሆነ አንገቴን አስግጌ አያለሁ፤ አንዴ የሚል ይመስለኛል፣ አንዴ የማይል። የእማማን ቀሚስ ጨምድጄ ይዣለሁ። እሷ ደረቷን አልመታችም፣ አላለቀሰችም፤ እጇን አናቴ ላይ አድርጋ ትጫነኛለች፤ ዜማው ከፍ ባለ ቁጥር ይበልጥ ትጫነኛለች።

ከዚያ ሸማው ተገለጠ። አባባ ቀስ ብለው፣ አንድ እጃቸውን መሬት አስደግፈው፣ "ኧረ ጉልበቴ" እያሉ ተነሡ። ቢጫ ቆብ ተጫነላቸው፤ ቅናት የሚባለውን የመነኩሴ መታጠቂያ ታጠቁ። ስማቸው አባ ወልደ ሰንበት ተባለ። ጋሽ እንድሪስ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ሲጠብቁ ነበር፤ አባባ ሲወጡ እጃቸውን ጨብጠው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁም።

ያን ዕለት ቤቱ በሰው ተሞልቶ ዋለ። ማታ ሰዉ ሲበተን አባባ በአዲሱ በር፣ እማማና እኔ በአሮጌው በር ገባን። አልጋው ላይ አባባ ይተኙበት የነበረውን ቦታ እኔ ያዝኩት፤ ጠፍሩ በእሳቸው ልክ ስለረገበ ጉድጓድ ውስጥ የገባሁ ያህል ሰመጥኩ። ደክሞኝ ስለነበር ማን ምን እንዳለ ሳልሰማ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ ነግቷል። ከግድግዳው ወዲያ አባባ ዳዊት ሲደግሙ ይሰማል። እማማም ነቅታ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ታዳምጣለች። ዳዊቱ አለቀ። መጽሐፉ ሲዘጋ፣ ከዚያም መደቡ ላይ ሲቀመጡ ሰማን።

"አስካለ" አሉ አባባ፤ ድምፃቸው በክፍቱ በኩል አልፎ መጣ። "እንዴት አደርሽ?"

እማማ ተነሥታ ተቀመጠች፤ እንግዳ እንደመጣባት ሰው ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች። "እርስዎስ እንዴት አደሩ?"

አርባ ዓመት አንተ ስትላቸው የኖረች ናት።

"እኔን ነው?" አሉ አባባ።

"እዚያ ሌላ ማን አለ?"

አባባ ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ በዚያ ዓመት ሰምቻቸው አላውቅም። ሳቁ እየቆየ ወደ ሳል ዞረ፤ ሳሉም ቶሎ አላቆመላቸውም። እማማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እስኪያልፍላቸው ጠበቀች።

"ባናውን ደርብ!" አለች ጮክ ብላ። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች፤ ጥቂት ቆይታም ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ይደርቡት" አለች።